የሁለቱ ሳጥኖች ሽምግልና

ማቀዝቀዣ እንደሚያጉረመርም ታውቃላችሁ? እኔ ያወቅሁት ባለቤቴ ዘነበች ካረፈች በኋላ ነው። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ጥጉን ይዞ ሲያጉረመርም ኖሯል። ሰው ባለበት ቤት ማን ይሰማዋል? የቡታጅራው ቤቴ ጭር ሲል ግን ተራው ደረሰ፤ እሱ ያጉረመርማል፣ እኔ እሰማለሁ። አንዳንዴም እመልስለታለሁ። ምን ላድርግ፣ ወንዱ ልጄ ምስጋናው አዲስ አበባ ይነግዳል፣ ሴቷ ወልቂጤ አግብታለች። የጉራጌ ቤት መቼም ለመስቀል ይሞላል። ችግሩ ያለው በቀረው ዓመት ነው።

ከማቀዝቀዣ ጋር ማውራት ሲሰለቸኝ ድምፅ ወደሚያጎላው አምፕሊፋየሬ ዞርኩ። በካሴት ዘመን መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። ካሴት ሲሞት ሱቁም ተከትሎት ሞተ፤ ለእኔ የተረፉኝ አንድ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ናቸው። ቫልቭ ማለት አምፖል የሚመስል የመስታወት ዕቃ ነው፤ ሲሞቅ ውስጡ ቀላ ይላል። ከዘነበች ወዲህ በዚያ ቤት የሚሞቅ ነገር እሱ ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ምስጋናው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድሮ እሸጣቸው የነበሩትን ዘፈኖች ላፕቶፕ ላይ ሞልቶ አመጣልኝ። ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘነው። ምን ዋጋ አለው፣ ዘፋኞቹ ሁሉ ጉንፋን የያዛቸው ይመስሉ ነበር። ልጄ ነገሩን አስረዳኝ። ኮምፒውተር ዘፈን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው አለ። አምፕሊፋየሬ ደግሞ የድሮ ሰው ነው፣ ቁጥር አያውቅም፤ የሚገባው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚመልስ ነገር መሀላቸው መግባት አለበት። ላፕቶፑ ውስጥ አንድ አለ፣ ግን የማይረባ ነው። ደህናው ለብቻው ይሸጣል፣ ዳክ ይባላል። አስተርጓሚ ነዋ፣ አልኩት።

አስተርጓሚን እኔ አውቃለሁ። የጉንችሬ ጉራጌ ነኝ። አንድ ጊዜ አክስቴ ታማብኝ ቡታጅራ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ አማርኛ አትችልም ነበር። ሐኪሙ ምንሽን ነው የሚያምሽ ብሎ ጠየቀ። እሷ ከጎረቤቷ ላም ጀመረች። ላሟ እንዴት እንሰቷን እንደበላች፣ እሷ እንዴት እንደተናደደች፣ ንዴቱ ከደረቷ ተነሥቶ የት የት እንደዞረ በጉራጊኛ አንድ በአንድ ዘረዘረች። ስትጨርስ እኔ «ሆዷን ያማታል» አልኩ። ሐኪሙ አየኝ። አክስቴም አየችኝ። ያን ሁሉ ተናግሬ ያልክልኝ ይቺን ብቻ ነው ወይ አለች። እውነቷን ነው፣ ላሟን ዋጥኩባት። ላፕቶፑም የሠራው ይህንኑ ነው።

ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ምስጋናው ሁለት ዳክ በሚኒባስ ሹፌር ላከልኝ። አንዱ ጥቁር ሳጥን፣ አንዱ ብርማ። ከጓደኛው ሱቅ ለሙከራ የወጡ ናቸው። ሁለቱንም አዳምጣቸው፣ ያልወደድከውን ለመስቀል ስመጣ እመልሳለሁ አለኝ። ጊዜው ሰኔ ማለቂያ ነበር። በዚያ ዘመን በአገራችን ምርጫ ሲደረግ አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቅ ስለነበር፣ የምር የሆነ ምርጫ ሲመጣብኝ ግራ ገባኝ። ጥቁሩን ስሰማ ጥቁሩ ይሻላል። ብርማውን ስሰማ ደግሞ ብርማው። ሰው እንዳላማክር አጠገቤ ያለው ማቀዝቀዣው ነው።

ሐጂ ከድርን የጠራኋቸው ለዚህ ነው። ሐጂ ከአጥሬ ማዶ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የመስቃን በርበሬ ሲነግዱ ኖረው አሁን ሥራውን ለልጆቻቸው ትተው ተቀምጠዋል። በሰፈራችን የተጣላ ሁሉ ለሽምግልና የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ጋሽ ወልዴንም ጨመርኩ። እሱ ደግሞ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው፣ ቸርቹ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምር ጴንጤ ጎረቤቴ ነው። ዓርብ ጁምዓና ገበያ አለ፣ እሑድ ጋሽ ወልዴ ቸርች ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ተባለ።

የእኔ ሐሳብ ትንሽ አዳምጠው ይሄ ይሻልሃል ብለውኝ እንዲሄዱ ነበር። ሐጂን አላወቅኋቸውማ! አሰላሙ ዐለይኩም ብለው ከመቀመጣቸው ዋሶቹ የታሉ አሉ። የምን ዋስ? አልኳቸው። ባለጉዳይ ያለ ዋስ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል ወይ አሉኝ። የተረታው ፍርዱን አልቀበልም ቢልስ? ጋሽ ወልዴ እየሳቀ ለጥቁሩ ዋስ ሆነ፣ እኔ ለብርማው። ቀጥሎ ምስክር ይቅረብ ተባለ። ሐጂ መንዙማ መረጡ፣ ጋሽ ወልዴ መዝሙር መረጠ፣ እኔ ክራር ያለበት የድሮ ዘፈን። ሦስቱም በጥቁሩም በብርማውም ተሰሙ። ዘፈኑ ሲደርስ ሐጂ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሓቸውን አውጥተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጆሯቸው ግን አልዞረም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለጉዳዮቹ ይውጡልን፣ እንመካከር አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ሽማግሌ ባለጉዳይ ፊት አይመካከርም አሉኝ ኮስተር ብለው። ገመዱን ነቃቅዬ፣ ሁለቱን ሳጥኖች በብብቴ ሸጉጬ ጓዳ አስገባኋቸው። ስመለስ አንተም ዋስ ነህ፣ ውጣ ተባልኩ። ጋሽ ወልዴም ዋስ ነውና ተከተለኝ። እንግዲህ እኛ ጓዳ ከሳጥኖቹ ጋር ቆመን፣ ሐጂ ሳሎን ብቻቸውን ተመካከሩ። ደግሞ ብዙ ቆዩ።

በመጨረሻ ጠሩን። ጥቁሩ እውነተኛ ነው አሉ። የዘፋኙን ትንፋሽ፣ የጣቱን ከክራሩ ክር መፋተግ፣ ያየውን ሁሉ ይናገራል፤ ግን ሰው ፊት ላይ ይጮኻል። ብርማው ጨዋ ነው። ሰው ከጎን ክፍል ተቀምጦ የሚያወራ ይመስላል፤ ግን የሚደብቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም። እኔ ወዲያው የአክስቴ ላም ትዝ አለችኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይሁን ብለው ተነሡ።

ቅዳሜ መጣ። አዲስ ምስክር፣ አዲስ ቀጠሮ። አንዱ ቅዳሜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለና ቃሉ በደንብ አልተሰማም ተብሎ ተቀጠረ። ሌላው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ባለጉዳዮቹ ዲዳ ሆኑ፤ ያለ ምስክር ተቀምጠን ስናወራ ፀሐይ ገባ፣ መግሪብ ደረሰ። እኔም እንግዳ አለብኝና የበቆሎ እሸት መቀቀል ተማርኩ። የሰፈሩ የአንድ ለአምስት ተጠሪ ሳይቀር አጥር ላይ አስቁሞ በየቅዳሜው የምን ስብሰባ ነው ብሎኛል። ስብሰባ አይደለም፣ ክርክር ነው አልኩት። ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም የሚል ፊት አሳይቶኝ ሄደ።

ምስጋናው ሲደውል የቱን መረጥክ ይለኛል። ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል እለዋለሁ። እናንተን ግን ምን እደብቃችኋለሁ፣ እኔ መርጬ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ነው የመረጥኩት፣ ብርማውን። ያ ከጎን ክፍል የሚያወራ ሰው ልቤን ወሰደው። አፌን የዘጋሁት ፈርቼ ነው። ፍርዱ ከተሰጠ ሐጂ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? ጋሽ ወልዴስ? ቅዳሜ ከእጄ ሊወጣብኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አስፈርቶኝ አያውቅም።

መስቀል ተቃረበ። በእኛ አገር መስቀል ከመግባቱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፣ ያደረ ነገር ያልቃል። ሐጂ እስላም ቢሆኑም ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሲያስታርቁ የኖሩት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻው ቅዳሜ በዓል በክርክር አይገባም ብለው ፍርዳቸውን ሰጡ። ጥቁሩ ጥፋት የለበትም፣ እውነቱን ተናግሯል፣ በክብር ይመለስ። ብርማው ይቆይ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ሳህሌ ብቻህን ነህ፤ ሁሉን ከሚነግርህ አጠገብህ የሚቀመጥ ይሻልሃል» አሉኝ። ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ወልዴ አሜን አለ፣ ወጡ። የፈለግሁትን አግኝቼ በሕይወቴ እንደዚያ የከፋኝ ጊዜ የለም።

መስቀል ሆነ። ልጆቼ መጡ፣ ቤቱ ሞላ፣ ክትፎው ተበላ። ማቀዝቀዣው ድምፁ ጠፋ። ምስጋናው የብርማውን ድምፅ ሰምቶ አባዬ ምርጫ ታውቃለህ አለኝ፤ ጥቁሩን ሻንጣው ውስጥ ከተተ። ከዚያ እንደ አመጣጣቸው ሄዱ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ በተለመደው ሰዓት ብርማውን ከፈትኩ። ድምፁ ምንም እንከን አይወጣለትም። ዘፋኙ እንደተባለው ከጎን ክፍል ተቀምጦ ያንጎራጉራል። ሞኝነቴን አትሳቁብኝ፣ ተነሥቼ ጓዳውን አየሁ። ማንም የለም። አጠፋሁት። ማቀዝቀዣው ካቆመበት ቀጠለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ ይሁን፣ ጎረቤትስ ያለ ጉዳይ እንዴት ይጠራል? ብቸኝነት ገደለኝ፣ ኑልኝ ይባላል? በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አፍ ይህን አያወጣም።

ከዚያ ወዲያ ባለው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው፣ ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፣ እሳቸው ጃንጥላ ይዘዋል። ከኋላቸው ጋሽ ወልዴ ጣውላ ሲልግ የነበረበትን ልብስ ሳይቀይር ቆሟል።

«ያ ጥቁሩ ይግባኝ አላለም?» አሉኝ ሐጂ።

ሐጂ፣ ጥቁሩ እኮ አዲስ አበባ ገብቷል አልኳቸው። ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«እንግዲያው በሌለበት ይታያል» አሉና ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ።

ብርማውን ብቻውን እስከ መግሪብ ሰማነው። ሲያልቅ ሐጂ አስወጣልኝ፣ ልመካከር አሉ። ሳጥኑን ታቅፌ ከጋሽ ወልዴ ጋር ጓዳ ገባን። ተከራካሪው እስካሁን አልቀረበም። ጉዳዩ ለቅዳሜ ተቀጥሯል።