ጋሽ ሙሉጌታ ሊሰናበቱ ፈልገው ነበር

እኔን የሚገርመኝ፣ በድሮ የሆሊውድ ፊልም ላይ የምትሞት ሴት ሊፕስቲኳ የማይለቀው ለምንድን ነው? ሐኪሙ ተስፋ ቆርጧል። ባሏ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያለቅሳል። ቫዮሊኑን ማን እንደሚመታው አይታወቅም። እሷ ግን ፀጉሯ እንኳ ትራሱ ላይ አልተጨፈለቀም። ሆስፒታል የሰነበተ ሰው አይተን አናውቅም እንዴ? የገዛ ፓስፖርቱን ፎቶ አይመስልም እኮ።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። ሎስ አንጀለስ፣ ፓልምስ የሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው፤ እኔ ከላይ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ከታች። ጋሽ ሙሉጌታ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሲወጡ የሚሠሩት ጠፋቸው። ቤተ ክርስቲያን ያለው እሁድ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤት ወደሞላበት ፌርፋክስ ወርዶ ከወዳጅ ጋር ፖለቲካ መጨቃጨቁ ደግሞ ደም ግፊታቸውን አስነሳባቸው። በመጨረሻ ጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ የሚያሳይ ቻናል አገኙና ሶፋው ላይ ተተከሉ። ከሁሉም የሚወዱት ሰው ታሞ የሚሞትበትን ነው። ሽጉጥ ከመጣ ይቀይሩታል። ያን ጊዜ ጤነኛ ነበሩ። ጤነኛ ሰው የበሽተኛ ፊልም ቢያይ ምን ከልካይ አለበት?

በተለይ አንዱን ፊልም በመጣ ቁጥር ያዩታል። አንዲት ሀብታም ሴት ስሙ የማይጠራ በሽታ ይይዛታል። (በድሮ ፊልም በሽታ ስም የለውም። እኛም «ያ ክፉ በሽታ» ብለን ነው የምናልፈው፤ በዚህ እንኳ ከሆሊውድ ጋር እንስማማለን።) ከዚያ ሴትዮዋ ሰዎቿን ተራ በተራ እያስጠራች ትሰናበታለች። እህቷን፣ ባሏን፣ አትክልተኛውን፣ በቀቀኗን ሳይቀር። ሁሉም ቁጭ ብሎ ይሰማታል። ማንም አያቋርጣትም። እኔ ከሟቿ ይልቅ ደከመኝ። ጋሽ ሙሉጌታ ግን መሐረባቸውን ይዘው፣ «አየህ? ተናግራ ጨረሰች» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የሀብታም ቅንጦት ይመስለኝ ነበር።

ቆይቶ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ሆስፒታል ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ ታክሲ የሚነዳ ጎረቤት ያለው ሐበሻ አምቡላንስ አይጠራም። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሙ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና ፊት ለፊት ነገራቸው። ጉበት ነው፣ ተሰራጭቷል፣ ቢበዛ ጥቂት ወራት ነው። እንዴ! እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛው ይነገራል? ለወንድም ይነገራል፣ ለጎረቤት ይነገራል። ለበሽተኛው «ትንሽ የጨጓራ ነገር ናት» ይባላል። እትዬ አልማዝ ክንዴን ይዘው ኮሪደር አወጡኝ።

«አልገባውም አይደል? ፈረንጁ ሲቸኩል አላየህም? ምንም አልገባውም!» አሉኝ።

ያን ሁሉ ዓመት የፈረንጅ ቁልፍ ሲቀበሉ የኖሩ ሰው እንግሊዝኛ አልገባቸውም! ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ፊታቸውን አየሁና ሳቄን ዋጥኩት።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ፌርፋክስ ደረሰ። «ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ እንዳይሰማ» ተባለ። ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ከኖርዝ ሆሊውድ ሳይቀር ትራፊኩን ታግሎ የሚመጣ አለ፤ መቼም ሰዋችን በሽተኛ በመጠየቅ አይታማም። አጥሚቱ፣ ሾርባው፣ ጁሱ ጠረጴዛው ላይ ቦታ አጣ። ሁሉም ገብቶ «ተሽሎዎታል እኮ! ፊትዎ ጠርቷል!» ይላል። ፊታቸው ግን እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ ሆኗል።

አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ጋሽ ሙሉጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እኔ የሞትኩ እንደሆነ...»

ቤቱ ባንድ አፍ «ጠላትዎ ይሙት!» አለ።

በሌላ በኩል ሞከሩት። «አይ፣ የሰው ነገር አይታወቅም ለማለት ነው...»

«ኧረ ጋሼ! ገና የልጅ ልጅ ይድራሉ!» አለች አንዷ። ልጅ እንኳ የላቸውም። እሷው ጁስ ቀድታ አፋቸው ላይ ደቀነች። ጠጡ። ምን ያድርጉ?

በሌላ ቀን ከሐኪም ቀጠሮ ስመልሳቸው ፍሪዌዩ ተዘጋግቶ ቆምን። እጃቸውን ሰደው ሬዲዮኑን ዘጉ።

«አንተ እንኳ ስማኝ። መሪ ይዘሃል፣ የትም አታመልጥም» አሉኝ። «ዶክተሩ ኤቭሪቲንግ ነግሮኛል፣ ኦኬ? እኔ እዚሁ ነው መቀበር የምፈልገው። አዲስ አበባ ማን አለኝ? እናቴ የለች፣ ወንድሞቼ የሉ። አልማዝ ያለችው እዚህ ነው። ስትናፍቀኝ፣ አይ፣ ስናፍቃት ማለቴ ነው፣ ባስ ይዛ መጥታ ቁጭ የምትልበት ቦታ ይኑራት። ይህቺን ብቻ ልነግራት ነበር። አፌን ስከፍት ሾርባ ታጎርሰኛለች።»

ሳቄ መጣ። ሳልጨርሰው ዓይኔ እንባ ሞላ። «እኔ እነግርልዎታለሁ» አልኳቸው። ሬዲዮኑን መልሰው ከፈቱት።

በማግስቱ ወረድኩ። እትዬ አልማዝ ልብስ ያጥፋሉ። ዙሪያውን ስዞር ቆይቼ፣ «ጋሼ ስለ ቀብራቸው አንድ ነገር...» ከማለቴ በእጃቸው የነበረውን ፎጣ ፊቴ ላይ ወረወሩት።

«ሟርተኛ! ሟርትህን እዚያው ፎቅህ ላይ! እሱ ይድናል!»

ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን እንኳ አይመልሱም። ባልና ሚስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ አንዱ ሊናገር አንዷ ላለመስማት ሲታገሉ ማየት እንዴት እንደሚያስጨንቅ ልነግራችሁ አልችልም። ሕመሙ ከዚህ አይብስም።

ጋሽ ሙሉጌታ ያረፉት እኔ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው። ስደርስ ለቅሶው ቤቱን ሞልቷል፣ ነገሩም ሁሉ አልቋል። አስከሬኑ አገር ቤት ሊሄድ ተወስኗል። የማኅበራችንን ሰብሳቢ ጥግ ወስጄ የሰማሁትን ነገርኳቸው። አዘኑልኝ።

«በሽታ ብዙ ያስለፈልፋል፣ ልጄ» አሉኝ። «ይህን ያህል ጊዜ ስንመላለስ ለኛ አንድም ቀን ሞትን አንስተው አያውቁም። ላንተ ብቻ ነገሩህ?»

እትዬ አልማዝ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ምነው ሳትሰናበተኝ! ምነው አንዲት ቃል ሳትተነፍስ!» ይላሉ። ሰዉም ተቀብሎ ያለቅሳል። ያቺ ባለ ጁሷ ከሁሉም በላይ። ቤቱን ጥዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። እትዬ አልማዝ ጋ ቀርቤ ልነግራቸው ስል፣ «እንኳን ለአገርህ አፈር አበቃሁህ» ሲሉ ሰማኋቸው። ያቺው ናት የቀረቻቸው መጽናኛ። እሷን ልንጠቃቸው? አንጀቴ አልቻለም።

እትዬ አልማዝ አዲስ አበባ ድረስ ሸኝተው፣ ቀብረው ተመለሱ። ሥራቸውም ቤታቸውም እዚህ ነዋ። ኩርፊያውም ከለቅሶው ጋር ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ወደ ሥራ ሳደርሳቸው ድንገት ወደኔ ዞሩ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትፍረድብኝ» አሉኝ። «ለኔ ቢሆን እዚሁ ባስቀረሁት ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሄጄ አጠገቡ ቁጭ እል ነበር። አሁን ማን ጋ ነው የምሄደው? ግን ሰው አገሩን ይፈልጋል፣ የሱን ፈቃድ እንዴት ልጣስ ብዬ ቻልኩት። አላጠፋሁም አይደል?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ከኋላዬ ክላክስ ይጮሃል።

«አላጠፉም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ጋሼ ሁልጊዜ የሚያነሱት አገራቸውን ነበር።»

ረጅም ተነፈሱ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው መረቁኝ።

«ዕድሜ ይስጥህ። እውነቱን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር።»