ጉድጓድ የተሸከመው ሰዓት ጠጋኝ

ልሳነወርቅ ያን ሕልም ያየው በጠራራ ፀሐይ ነው። እሑድ ነበር፤ ምሳውን በልቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ሕልም የሚቆጠረው በሌሊት የታየ እንደሆነ ነው፣ የቀኑ የጥጋብ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። እሱ ግን ዛሬም ነገሩን ሲያነሣው ግንባሩ በላብ ይርሳል።

ሰውየው ሰዓት ጠጋኝ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ከአንድ ሰው በላይ የማታስገባ ሱቅ አለችው። እጁ ቀጭን፣ ዓይኑ ስል፣ አፉ ቁጥብ ነው። ሲጋራ አያጨስም፣ መጠጥ አያበዛም። በቅርቡ ግን አንድ ፍቅር ያዘው። ከአፈር በታች የተቀበረ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ፣ ጫፉ እንደ ድስት ክዳን ክብ የሆነ መሣሪያ ይዞ፣ እሑድ እሑድ ከከተማው በታች ወዳለው ሜዳ ይወርዳል። ሜዳው በድሮ ዘመን የገበያ ቦታ ስለነበር ስሙ እስካሁን አሮጌ ገበያ ነው። ልሳነወርቅ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ መሣሪያውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ፣ እንደ አጫጅ ዝግ ብሎ ይራመዳል። ሲጮህለት ይንበረከክና ይቆፍራል። አብዛኛውን ጊዜ ሚስማር ነው። አንዳንዴ ግን አንድ የጠቆረ የድሮ ሳንቲም፣ መሐለቅ፣ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ልቡ ልትፈነዳ ትደርሳለች። አይሸጠውም። አጥቦ በጥጥ ይጠቀልልና ክብሪት ቀፎ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በሰዓት መነጽሩ ሲያገላብጠው ይውላል።

ሚስቱ የሺመቤት ደግሞ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። አጠገቡ ቁጭ ብላ የዕድሩን፣ የጎረቤቱን፣ የወፍጮ ቤቱን ወሬ ታወራዋለች። እሱ መሐለቁን እያየ "እ" ይላል። ከአፏ ከሚወጣው አንዲቱን እንኳ አይሰማም።

በሕልሙም ያው ወደ አሮጌ ገበያ ወረደ። ሜዳው ላይ የድሮ ገንዘብ እንደ ጠጠር ተበትኗል። አላዱ በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ ዶሮዎች ይጭሩታል። አንዱን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል አንዲት ዶሮ ቀና ብላ፣ ቆሻሻ ነው ተወው አለችው፤ አፍሮ እጁን ሰበሰበ። መሣሪያውን በቁልሉ ላይ ቢያሳልፈው ጭጭ አለ። ባዶ መሬት ላይ ሲያሳልፈው ግን ጮኸ።

ቆፈረ። መጀመሪያ አንድ ቡናማ ባርኔጣ ወጣ። ከባርኔጣው ሥር የሰው ግንባር ብቅ አለ። ልሳነወርቅ መቆፈሪያውን ጥሎ በእጁ አፈሩን ቢጠርግ፣ ጋሽ ቦጋለ ናቸው። ጋሽ ቦጋለ ሰዓት ጥገናን ያስተማሩት ጌታው ነበሩ፤ ከሞቱ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። በጉድጓዱ ውስጥ እንደ ችካል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሲያዩት ደስ አላላቸውም።

"ቀስ በል እንጂ፣ ጠርዜን ትፍቅብኛለህ" አሉት።

ይቅርታ ጠይቆ ዙሪያቸውን መማስ ቀጠለ። ለምን ከመሬት በታች እንደቆሙ ሊጠይቃቸው አፉን ሲከፍት፣ ከበስተጀርባው እንደ ደወል ያለ ድምፅ ሰማ። ዞረ። በር የሚያክሉ ብሮች በጠርዛቸው እየተንከባለሉ መጡ። ከፊት የምትመራቸው ግዙፍ ጠገራ ብር ናት፤ ከኋላዋ መሐለቆቹ መጥረጊያና ጥጥ ተሸክመው ይከተላሉ። ጠገራ ብሯም የሰው ሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር መሆኗን ነገረችው። ለረጅም ዘመን ሰዎች እነሱን ሲቆፍሩ እንደኖሩ፣ ዛሬ ግን ተራው የእነሱ እንደሆነ በትሕትና አስረዳችው። ትሕትናዋ ነው ይበልጥ ያስፈራው።

መሐለቆቹ ጋሽ ቦጋለን ከጉድጓዱ ነቅለው አወጧቸው። በጥርስ ብሩሽ ፈተጓቸው፤ በሎሚና በአመድ አሿቸው። አንዱ መሐለቅ እውነተኛ መሆናቸውን ሊያረጋግጥ ትከሻቸውን ነከሳቸው። ሌላው ገልብጦ ጀርባቸውን አየና ዘመናቸው አይነበብም አለ። ከዚያ በጥጥ ጠቅልለው፣ ጎጆ ቤት በምታክል የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተቷቸው። ጋሽ ቦጋለ ሁሉን ነገር ሲያደርጓቸው ዝም ብለው ነበር፤ ድሮም ደንበኛ ፊት አይከራከሩም።

ልሳነወርቅ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ሊሸሽ ሲል ሊቀመንበሯ ጠራችው።

"ሚስትህም እዚህ ናት" አለችው። "ሜዳው ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል። እስከዚያ ካገኘሃት ይዘሃት ግባ። ካላገኘሃት የማኅበሩ ናት።"

ወደ ሰማይ ጠርዝ አመለከተችው። ቀና ብሎ ቢያይ፣ ሰማዩ እንደ ሱቅ ተጠቅላይ የቆርቆሮ መዝጊያ አለው። ወደ ታች ትንሽ ትንሽ እያለ መውረድ ጀምሯል። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አየ፤ የእጅ ሰዓቱ ፊቱን አዞረበት።

ሮጠ። መሣሪያውን እያወዛወዘ ሲሮጥ ጥቂት እንደሄደ ጮኸለት። ቆፈረ፤ የወጡት ግን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው። እኔን አይደለም የምትፈልገው፣ አፈሬን መልስ አሉት። ሊመልስ ሲጀምር አንድ በሬ መጣ። በሬው ጅራፍ ይዟል፤ ሁለት ገበሬዎች ጠምዶ እያረሰ ነበር። ጉድጓዱንም ልሳነወርቅንም አየና ሞፈሩን አቆመ።

"ቆፍሮ ጥሎ መሄድ የለም" አለው። "ጉድጓድህን ይዘህ ሂድ።"

ልሳነወርቅ ጉድጓድ በምን እንደሚያዝ አያውቅም ነበር። ከተጠመዱት ገበሬዎች አንዱ አንገቱን እንደምንም አዙሮ፣ ጠርዙን ይዘህ ሳበው፣ ይነሣልሃል ብሎ ሹክ አለው። ሳበው። ጉድጓዱ እንደ ቁርበት ተገፎ ተነሣ። ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገው። ባዶ ነገር እንደዚያ ይከብዳል ብሎ በሕይወቱ አስቦ አያውቅም።

ተንገዳግዶ ሄደ። መሣሪያው ጮኸ፤ ቆፈረ፤ የመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ሆነ። ጉድጓዱን ጠቅልሎ ተሸከመ። ደግሞ ጮኸ፤ ቆፈረ፤ ሰዓቷን አምና ለጥገና ሰጥታው ያልተመለሰችላት አንዲት ነርስ ሆነች። ደርሶልሃል ወይ አለችው። ነገ ብሏት ጉድጓዷን ተሸከመ። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ወገቡ ታጠፈ። መሣሪያው ለሁሉም ይጮሃል፤ ለየሺመቤት ብቻ አይጮህም። በጀርባው ያለው ባዶነት በተጨመረ ቁጥር እግሩ አፈር ውስጥ ይሰጥማል። የሰማዩ መዝጊያ ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቅጠሎቹ ጎንበስ ብለው ያሳልፉታል።

እያለከለከ በክብሪት ቀፎው አጠገብ ሲያልፍ፣ ጋሽ ቦጋለ ከጥጡ ውስጥ በሹክሹክታ ስሙን ጠሩት። ቀረበ።

"ይሄ መሣሪያ የሚጮኸው ለዝምተኛ ነው" አሉት። "የሺመቤት መች ዝም ትላለች? ይልቅ ጆሮህ ላይ ያለውን አውልቅ።"

ልሳነወርቅ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንደደፋ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስታወሰው። ሊያወልቀው ሲሞክር አልነቀል አለው፤ ሥር ሰዷል። በሁለት እጁ ይዞ እንደ ጎመን መነገለው። ጆሮው ሲቃጠል ተሰማው። ከዚያ ነፋሱን ሰማ፤ የበሬውን ጅራፍ ሰማ፤ ቆርቆሮው ሲንቋቋ ሰማ። ከሁሉም በታች፣ ከእግሩ ሥር፣ የሚስቱን ድምፅ ሰማ።

ስታወራ ነበር። ከጀመረች ብዙ እንደቆየች ያስታውቃል፤ ጨዋታው መሐል ላይ ነው የደረሰው። ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ስለጠበቀችው ነገር፣ ከዚያ ጉልበቷን ስላመማት ሕመም፣ ሐኪሙ ስለነገራት ነገር፣ ለሐኪሙ ምን ብላ እንደመለሰች ረጋ ብላ ታወራለች። አልፎ አልፎ ቆም ትላለች፤ "እ" የሚላት ሰው ስትጠብቅ ነው። ልሳነወርቅ ጉልበቷን እንደሚያማት አያውቅም ነበር።

ጉድጓዶቹን ሁሉ ከጀርባው ወርውሮ፣ መሣሪያውንም ጥሎ በጥፍሩ ቆፈረ። አፈሩ ደረቅ ነበር፤ ጣቱ ደማ። ከፀጉሯ ጀምሮ ወጣች። ነጠላዋን እንደለበሰች ተቀምጣለች፤ ስትቆፈር አልደነገጠችም፤ እጇን ብቻ ከነጠላዋ ውስጥ ሰብስባ ይዛዋለች። ና ተቀመጥ፣ ነገሩ አላለቀም አለችው። እሱ ግን ብብቷ ሥር ገብቶ ሊያነሣት ሲታገል፣ ከላይ ጥላ አረፈበት። ሊቀመንበሯ ከነመሐለቆቿ ጉድጓዱን ከብባ ቆማለች።

"ሁሉም የእኔ ናት ይላል" አለች። "ያንተ ለመሆኗ ምልክት ንገረን።"

ልሳነወርቅ ቶሎ ብሎ ስሟን ተናገረ። ስም ምልክት አይደለም ተባለ። የተጋቡበትን ዓመት ተናገረ። አንድ ፊደል ቆጣሪ መሐለቅ፣ ዓመቱ በደንብ አይነበብም አለ። መዝጊያው ከራሱ በላይ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ የቆርቆሮው ጠረን አፍንጫው ገባ። ለመንበርከክ ተገደደ። የሺመቤት ወሬዋን አቁማ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

"ጣቷ ላይ..." ብሎ ጀመረ።

"እሺ፣ ጣቷ ላይ ምን?" አለች ሊቀመንበሯ።

ሁሉም ጎንበስ አሉ። የሺመቤት እጇን ቀስ አድርጋ ከነጠላዋ ውስጥ ማውጣት ጀመረች። ልሳነወርቅ ያን እጅ ማየት አልፈለገም። ከሞት ይልቅ ያን እጅ ፈራ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ቆርቆሮው ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሜዳው ላይ የወደቀው መሣሪያ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይጮህ ጀመር፤ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላቋርጥ አለ።

ነቃ።

ጩኸቱ ግን አልቆመም። ደረቱ ላይ ነው። ዓይኑን ሲገልጥ የሺመቤት አልጋው አጠገብ ቆማ፣ መሣሪያውን በሁለት እጇ እንደ መጥረጊያ ይዛ በላዩ ላይ ታሳልፈዋለች። የሸሚዙ ቁልፎች ላይ ሲደርስ ይጮሃል። መንቃቱን ስታይ ደንገጥ ብላ ወደ ኋላ አለች።

"ተኛ፣ ተኛ" አለችው። "አንተን አይደለም የምፈልገው።"

ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቃት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ መጣ። የቃል ኪዳን ቀለበቷ ጠፍቶባታል። ልብስ ልታጥብ አውልቃ መስኮቱ ላይ እንዳኖረችው ታስታውሳለች፤ ስትመለስ አልነበረም። ወር ከዐሥር ቀን ሆነው። እንዳይከፋው ፈርታ ሳትነግረው ቆየች። ሰው ሲያያት እጇን በነጠላዋ እየሸፈነች ከረመች። የቤት ሠራተኛዋን ጠርጥራ አሰናበተቻት፤ ያ ደግሞ ኅሊናዋን እየወቀሰ እንቅልፍ ነሣት። ዛሬ እሱ ሲተኛ መሣሪያውን አንሥታ ማድ ቤቱን፣ ጓሮውን፣ የአመድ መድፊያውን ሁሉ ዞረችበት። የቀረው ይህ ክፍል ብቻ ነው።

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"እስቲ አንተ ታውቅበታለህ" አለችው። "ወርቅ ሲያገኝ ድምፁ ምን ዓይነት ነው?"

ልሳነወርቅ ቀለበቱን ከመስኮቱ ላይ አንሥቶ፣ መርካቶ ወስዶ የሸጠው ወር ከዐሥር ቀን በፊት ነው። መሣሪያውን የገዛው በዚያ ነው። ለእሷ ግን አንድ ደንበኛ በውሰት የሰጠኝ ነው ብሏት ነበር።

አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር። እሷ በተስፋ ታየዋለች።

ተነሣ፤ መሣሪያውን ከእጇ ተቀበላት፤ ተንበርክኮም አልጋው ሥር መፈለግ ጀመረ።