እትዬ ግን እና የእኔ አጥር

በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም ሰፈር፣ ማዘጋጃ ቤት ሕዝብ ሰብስቦ «አስተያየት ያለው?» ባለ ቁጥር የምትነሳ አንዲት እጅ አለች። ስብሰባው ስለ ውሃ ቱቦ ይሁን ስለ ውሻ ምዝገባ ለእሷ ለውጥ የለውም፤ ትነሳለች። ሰብሳቢው ያላየ ለመምሰል ወረቀት ያገላብጣል፣ ይስላል፣ ወደ ሌላኛው ጥግ አንገቱን ያዞራል። እጇ አትወርድም። በመጨረሻ ሰብሳቢው ተሸንፎ «እሺ፣ በአጭሩ» ይላል። በአጭሩ የሚባል ነገር እንደሌለ እሱም፣ እኛም፣ ወንበሮቹም እናውቃለን።

በእኛ ሰፈር የዚያች እጅ ባለቤት ክብርት እትዬ ግን ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይሄ እኛ ያወጣንላቸው ነው። ንግግራቸው ሁልጊዜ «እኔ ተቃውሜ አይደለም፤ ግን…» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያች «ግን» በኋላ ያለው ጊዜ የእሳቸው ነው። ሽማግሌው ያንቀላፋል፣ ሕፃን የያዘች ሕፃኗን ታስተኛለች፣ ቀጠሮ ያለው ሰው ወጥቶ «አትጠብቁኝ» ብሎ ይደውላል።

እትዬ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ የሰውን ወሬ ከሰው ሲያገናኙ፣ ራሳቸው «ይጠብቁ» እና «መስመሩ ተይዟል» ከማለት በቀር አንዲት ቃል ጣልቃ ሳያስገቡ ኖሩ። እንደ እኔ ግምት፣ ያን ጊዜ ታምቆ የቀረው ንግግር ሁሉ ነው ዛሬ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ እንደ ዶፍ የሚወርደው።

እኔ ደግሞ በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። የሰው ስህተት እየለቀምኩ ነው የምኖረው። የእኔን ስህተት የምትለቅመው ባለቤቴ ናት፤ ደመወዝ የላትም እንጂ ከእኔ የበለጠ ሥራ አላት። ስብሰባ ላይ የምቀመጠው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው» ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ።

ይህን ተረት የተረተው ሰው በሩ ላይ የቆሻሻ ገንዳ አልቆመበትም ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለሰፈራችን ገንዳ ሲመድብ መጀመሪያ የታሰበው እትዬ ግን ደጅ ነበር። «እኔ ተቃውሜ አይደለም፤ ግን ነፋሱ ከየት ወደ የት ነው የሚነፍሰው?» አሉ። የመጣው ባለሙያ ነፋስ አላጠናም። ወደ ልብስ ሰፊዋ በር ይሁን ተባለ፤ ልብስ ሰፊዋ የደንበኛ ልብስ ይሸትብኛል አለች። ወደ ዳቦ ቤቱ ተባለ፤ ዳቦ ጋጋሪው አካፋውን እንደያዘ ወጣ። ባለሙያው ሲደክመው «እስካሁን ያልተናገረ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ጨዋ ነኝ፤ ፈገግ አልኩ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ይሸተኛል።

ከዚያ የመንገድ መብራቱ መጣ። ሠራተኞቹ ጉድጓድ ቆፍረው ምሰሶውን ሊያቆሙ ሲሉ እትዬ ግን ከቤታቸው ወንበር አምጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። «ልጆቼ፣ እኔ ተቃውሜ አይደለም፤ ግን እዚህ ከቆመ የሚያበራው ለማን ነው?» ፊት ለፊት ያለው የመጋዘን ግድግዳ ነበር። ሠራተኞቹ የታዘዝነው ነው አሉ። እሳቸውም እውነታችሁን ነው ብለው ውሃ አጠጧቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቋቸው፣ ከወንበሩ ግን አልተነሱም። አለቃቸው መጥቶ ግድግዳውን ካየ በኋላ ምሰሶው መታጠፊያው ላይ ቆመ። ሥራ አምሽቼ ስመጣ ቦይ ውስጥ የማልገባው በዚያ መብራት ነው። የዚያን ቀን ከመስኮቴ ሆኜ «እኚህ ሴትዮ ሥራ ፈት ናቸው» ያልኩትም እኔው ነኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የሰፈር ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ ቢባል፣ ሽንት ቤት ሄጄ ነው። ምርጫው በሌለሁበት ተካሂዶ በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። ስመለስ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ በሰላም ስለተመለስኩ መስሎኝ አመሰገንኩ።

ሹመቴ ሳይቀዘቅዝ የማዘጋጃ ቤቱ የመሬት አጠቃቀም ኃላፊ ቢሯቸው ጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ። «ክቡር ሰብሳቢ» አሉኝ። በማተሚያ ቤቱ የምጠራው «አንተ እርማት» ተብዬ ስለሆነ፣ ማንን እንደጠሩ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞሬ ነበር። ጉዳዩ ከቤቶቻችን ጀርባ ስላለው ክፍት ሜዳ ነው። በአዲሱ ፕላን የአውቶቡስ ማደሪያ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አሳዩኝ፤ ዛፎች አሉት፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት አለች፣ ሰማዩ ደመና የለውም። ከርዕሱ ላይ አንድ የፊደል ግድፈት አግኝቼ አመለከትኳቸው። እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። ድጋፋችንንም ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። የሕዝብ መብት ያስከበርኩ መስሎኝ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

በማግስቱ እትዬ ግን ደጄ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ፕላኑን አየኸው አሉ።»

«አየሁት እትዬ። ቆንጆ ነው። ዛፍ አለው።»

«ወደ ጤና ጣቢያው የሚያቋርጠው መንገድስ?»

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሜዳውን አቋርጦ ነው ጤና ጣቢያ የሚሄደው። እኔ ፊደሉን ሳይ መንገዱን አላየሁም።

«ዳር እስከ ዳር አጥር ነው» አሉኝ። «ሄጄ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ በዋናው መንገድ መዞር ነዋ።»

«በዋናው መንገድ መዞር» ብለው ደገሙት፣ እንደ ድሮው የስልክ ቁጥር የሚቀበሉ ይመስል። «በል ነገ እንዞራለን።»

በነጋታው ብቻቸውን አልመጡም። የልብስ ሰፊዋን እናት በዊልቸር ይዘው መጡ። እማማ እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል አለ፤ በየጊዜው ጤና ጣቢያ ሄደው ቁስሉን ያስጠርጋሉ። ልጃቸው የምታደርሳቸው ከስፌቷ ላይ እየተነሳች በሜዳው በኩል ነው፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ ወዲያው ተመልሳ ስፌቷን ትቀጥላለች። «አንተ ሰብሳቢ ነህ፤ ያዝ» አሉና የዊልቸሩን እጀታ አስጨበጡኝ።

ዋናው መንገድ የእግረኛ መሄጃ የለውም። በአንድ በኩል ቦይ፣ በሌላ በኩል የጭነት መኪና ነው። እየገፋሁ ላቤ መነጽሬን አጨለመው። አንዱ ጎማ የፍሳሽ ክዳን ውስጥ ገባ፤ ላወጣ ስታገል የጫማዬ ሶል ተገነጠለና እንደ ከብት ምላስ ተንጠለጠለ። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ፤ እኔም በድንጋጤ ይቅርታ ጠየቅሁት። እትዬ ግን ከጎኔ እየሄዱ አንድ ቃል አልተናገሩም። እሳቸው ዝም ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው፣ ከንግግራቸው ይልቅ ያስፈራል።

«ልጄ፣ ከበድኩህ» አሉ እማማ።

«ኧረ ምንም አይደል፣ እማማ።»

ከዚያ፣ ለማንም ሳይሆን እንደዋዛ፣ «መንገዱ ይሄ ከሆነስ መሄዱን እተወዋለሁ» አሉ። «ልጄን እዚህ መኪና መሀል አላቆማትም። ቁስሉም ከኔው ጋር ያርጅ።»

አራሚ ነኝ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር የማርምበት አላገኘሁም።

የሕዝብ ውይይቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ኃላፊው ሥዕሉን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አበሩትና፣ «አሁን የኮሚቴው ሰብሳቢ በነዋሪው ስም ድጋፋቸውን ይገልጻሉ» አሉ። ተነሳሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ከአእምሮዬ ጠፋ። «ፕላኑ ቆንጆ ነው» አልኩ። ኃላፊው ፈገግ አሉ። «እማማን እየገፋሁ በዋናው መንገድ ዞሬ ነበር። አልቻልኩም።» ይህን ብዬ ተቀመጥኩ። ንግግሬ ይኸው ነበር። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ዞራ አየችኝ፤ እንደማታውቀው ሰው።

ያቺ እጅ ተነሳች። የዚያን ቀን ስብሰባውን የሚመሩት ኃላፊው ወረቀት አላገላበጡም።

«እኔ ተቃውሜ አይደለም» አሉ እትዬ ግን፤ «አውቶቡስም ማደር አለበት። ግን ኃላፊው ራሳቸው አንዴ ይግፉልን።»

ኃላፊው ሳቁ። አዳራሹ አልሳቀም። አንድ ቀን እናደርገዋለን ሲሉ፣ ልብስ ሰፊዋ እናቷን በበሩ በኩል እየገፋች አስገባች።

ኃላፊው ከረባታቸውን እንዳሰሩ ገፉ። እኛ ከኋላ ተከተልን፤ ያየን ሰው ሰልፍ መስሎት ሱቁን ዘጋ። የፍሳሽ ክዳኑ ጋ ሲደርሱ ኃላፊው ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። በሰብሳቢነት ዘመኔ ከተሰጠኝ ኃላፊነት በአግባቡ የተወጣሁት ያን ኮት መያዙን ነው። መታጠፊያው ላይ አንድ የጭነት መኪና ጥግ ታክኮ መጣ። ኃላፊው ዊልቸሩን ወደ ቦዩ በኩል አዙረው ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጡና እስኪያልፍ እማማ ላይ ጎንበስ ብለው ቆሙ። ሲያልፍ ወዲያው አልተንቀሳቀሱም። እማማ እጃቸውን መታ መታ አደረጉላቸው። እጀታውን እንደገና ጨብጠው እስከ ጤና ጣቢያው ገፉ።

ውሳኔው ሳይቆይ መጣ፤ ሊነገረን እንደገና አዳራሹ ተሰበሰብን። አውቶቡሱ ሜዳው ላይ ያድራል፤ መንገዱም አይዘጋም። በአጥሩና በቤቶቻችን መካከል ዊልቸር የሚያሳልፍ መተላለፊያ ይቀራል። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ ጀግንነት ተሰምቶኝ ነበር። ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ መሬት ቀያሽ ተነስቶ፣ አውቶቡስ መዞሪያ ስለሚያስፈልገው መተላለፊያው ከቤቶቹ በኩል መወሰድ እንዳለበት ተናገረ። ከመስመር ወጥቶ ወደ ሜዳው የገባው አንድ ግቢ ብቻ ነው፤ የድሮው ባለቤት ያለአግባብ ያጠሩት ቁራጭ አለበት። የማን ግቢ እንደሆነ ለመናገር ቀያሹ መነጽሩን አስተካከለ። ማስተካከል አላስፈለገውም ነበር። ጽጌረዳዬን የተከልኩበት፣ እሑድ ወንበሬን አውጥቼ የማነብበት ጥግ ነው።

ተስፋዬን ሁሉ በእትዬ ግን ላይ ጣልኩ። ለመብራት ምሰሶ ጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጡ ሴትዮ ለእኔ ጽጌረዳ ሁለት ሰዓት መናገር አያቅታቸውም። ኃላፊው እንኳ ብዕራቸውን አንስተው ወደ እሳቸው አዩ። እትዬ ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እደግፋለሁ» ብለው ተቀመጡ።

የአዳራሹ ጭብጨባ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እነሆ፣ በዕድሜያቸው የደገፉት ብቸኛው የማዘጋጃ ቤት ውሳኔ የእኔን አጥር የሚያፈርሰው ሆነ።

«አንተስ ምን አልክ?» አለችኝ ባለቤቴ ቤት ስንገባ።

«አጨበጨብኩ።»

«ለራስህ አጥር?»

«ጀምሬ ስለነበር ማቆም አፈርኩ።»

አጥሩ የሚፈርስ ዕለት እትዬ ግን ከሠራተኞቹ ቀድመው መጡ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ አላጽናኑኝም። በጉልበታቸው መሬት ላይ ተንበርክከው ጽጌረዳዎቹን ከነአፈራቸው እያወጡ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተከሉልኝ። እጃቸውን እሾህ ወጋቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ቀጠሉ። ሲጨርሱ ቆርቆሮዎቹን መስኮቴ ሥር ደርድረው «ውሃ አጠጣ» ብለውኝ ሄዱ።

አሁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ በመስኮቴ ሥር ያልፋል። የሚያስለው ያስላል፣ የሚጣላው ቆሞ ይጣላል፣ እማማ ወደ ጤና ጣቢያ ባለፉ ቁጥር በጣታቸው መስኮቱን ኳ ያደርጋሉ። ለመጣ ለሄደው አማርራለሁ፤ ሰላሜን አጣሁ እላለሁ። የማነብበትን ወንበር መስኮቱ አጠገብ ያስጠጋሁት ብርሃን ፍለጋ እንደሆነ ነው ለባለቤቴ የነገርኳት። ሲመሽም እዚያው ለምን እንደምቀመጥ አልጠየቀችኝም፤ አስተዋይ ሴት ናት።

ባለፈው ሰሞን እትዬ ግን ዓይናቸውን ሊታከሙ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። በዚያው ሰሞን ስለ መንገድ ጥገና ስብሰባ ተጠርቶ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ወጣ። እኔ የሆነ ነገር የጎደለ መስሎኝ ወንበሬ ላይ ቆየሁ፤ ጠባቂው መብራት ሊያጠፋ መጥቶ አስነሳኝ። ጠዋት ጠዋት መተላለፊያውን መጥረግም ጀመርኩ። «ማዘጋጃ ቤት ቀጠረህ እንዴ?» ብላ ባለቤቴ ስትጠይቀኝ፣ ጠጠር ጎማ ይይዛል አልኳት። እውነቴን ነው፣ ይይዛል። መጥረጊያውን ይዤ ደግሞ በየመሀሉ ወደ መታጠፊያው አይ ነበር።

ትናንት መጡ። አዲስ መነጽር አድርገዋል። ዕቃቸውን ቤት ሳያስገቡ በመተላለፊያው በኩል ሲያልፉ ከቤቴ ግድግዳ አያይዤ ያስገነባሁትን አዲሱን አጥሬን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ጎንበስ ብለውም በአንድ ዓይናቸው አነጣጠሩበት።

«ጠማማ ነው» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ግንበኛ ጠርቻለሁ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ምን እንዳስደሰተኝ ጠየቀችኝ።