የጋሽ ተካልኝ ጥድፊያ

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየእድሩ፣ እሱ ካልጀመረው ነገር የሚጀመር የማይመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ሳይጠርግ እጁን ያወጣል። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሳይቀመጡ ምግብ እንዲነሣ ያዛል። መንገድ ሲሻገር መብራቱ ሳይለወጥ አንድ እግሩ አስፋልቱ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አገር ያውቀዋል፣ አገር ይማረርበታል። ኢያሱ ግን ከማወቅም አልፎ ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ ትራምፔት ነፍቷል።

ሰውዬው ጋሽ ተካልኝ ነው፤ አብረው በሚጫወቱበት ባንድ እሱ አንደኛው፣ ማለትም ክቡር መሪ ትራምፔት፣ ኢያሱ ሁለተኛው ነበሩ። ባንዱ ትልቅ ነው። ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑና ሳክስፎኑ በየረድፉ ተደርድሮ ቅዳሜና እሁድ አትላስ አካባቢ ባለ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል፤ በሌላው ቀን ደግሞ የሰርግ ጥሪ ከተገኘ ሰርግ ያደምቃል። ለማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ባንድ የሚመራው ፊት ቆሞ እጁን የሚያወናጭፈው ሰውዬ ነው። ፊት የሚቆመው ኣባይ ራሱም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ይመስለው ነበር። እውነቱ ግን ሁሉም ጆሮውን የሚጥለው መሪው ትራምፔት ላይ ነው። እሱ ሲተነፍስ ይተነፍሳሉ፣ ሲገባ ይገባሉ፣ ሲያቆም ያቆማሉ። ጋሽ ተካልኝ ታዲያ ይህ ሥልጣን ከመድረክ ሲወርድ የሚቀር አልመሰለውም።

ጠዋት ጎሮ፣ ሚኒባስ ተራ ላይ ሰልፉን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ተራ አስከባሪዎቹ መጀመሪያ ተጣሉት፣ ቀጥሎ ለመዱት፣ ኋላማ የቀረ ቀን "ሽማግሌው ዛሬ ምነው?" ማለት ጀመሩ። መኪናው ውስጥ ገብቶም አያርፍም። "ወንድሜ፣ ይሄ የተከፈተልህ መንገድ ለማን ነው?" ይለዋል ሾፌሩን። ኦሎምፒያ ገና ሳትታይ "ወራጅ አለ" ብሎ በሩን ይዞ ይቆማል።

ልምምድ ስምንት ሰዓት ከተባለ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ዘበኛውን ሲወቅስ ይገኛል። በሰዓቱ የመጣ ሰው እሱ ዘንድ የዘገየ ነው። ሰላምታው ራሱ ከዚያ ነው የሚጀምረው፦ "ዘገየህ። ደህና ዋልክ?"

በየጠዋቱ በሚኖርበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ አንድ ረጅም ድምፅ ይነፋል። ከሕንፃው ሥር ሱቅ ያለው አብዱልጀባር በዚህ ምክንያት ለግቢው ኮሚቴ ሊከሰው አስቦ ነበር። ውሎ አድሮ ግን በድምፁ እየነቃ ሱቁን መክፈት ለመደ። "ጋሼ ጉንፋን የያዛቸው ቀን ደንበኞቼ ናቸው የሚያኮርፉት" ይላል።

ባለቤቱ እትዬ የሻሽወርቅማ "እኔ ያገባሁት ነፋስ ነው" ትላለች። አባቷን እንዲያናግሩለት የላካቸው ሽማግሌዎች ገና መንገድ ላይ ሳሉ፣ ሙሽራው ራሱ ቀድሟቸው የአማቱ ደጅ ላይ ተገኝቷል ይባላል። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው የሚሉም አሉ። የሻሽወርቅ ይህን አታምንም፤ አታስተባብልምም።

ኢያሱ ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበው አንድ ነገር ነበረው። በሃያ ዓመት ውስጥ አንዲት ዜማ እንኳን መርቶ አያውቅም። ሁለተኛ ትራምፔት ማለት ሥራው ከሥር ሆኖ መደገፍ ነው፤ ሰው የላይኛውን እንጂ የሥሩን አይሰማም። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ደፍሮ ጠየቀ።

"ጋሼ፣ ይቺን አንዷን እኔ ብመራትስ? እርስዎም ትንፋሽ ይሰበስባሉ።"

"ትንፋሽ ያጠረኝ ቀን እነግርሃለሁ።"

"መቼ?"

"ኢያሱ፣ ኖታህን ግለጥ።"

ባለፈው ዓመት የጋሽ ተካልኝ የላይኛው የፊት ጥርስ መነቃነቅ ጀመረ። ለሌላ ሰው ጥርስ ማኘኪያ ነው። ለትራምፔት ነፊ ግን ከንፈሩ የሚደገፍበት ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ከተነቃነቀ ከፍ ያለው ድምፅ ጸንቶ አይቆምም። የጥርስ ሐኪሟ ጥርሱ ተነቅሎ ለጥቂት ወራት ማረፍ እንዳለበት ነገረችው። እሱም የቀጠሮ ካርዱን ኪሱ ከትቶ "ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰርግ ይለፍና" አላት። ሐኪሟ ንግግሯን ሳትጨርስ በሩ ጋ ደርሶ ነበር።

ሰርጉ መጣ። ቦሌ፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ የሚነፋው ዜማ መጨረሻ ላይ አንድ ከፍ ያለ ድምፅ አለ። ጋሽ ተካልኝ የሚታወቀው በዚህ ድምፅ ነው። እሱ ተነሥቶ ሲለቀው ሰው ጉርሻውን አየር ላይ ያቆማል። የዚያን ቀንም እንደ ልማዱ ብድግ አለ፣ ትራምፔቱን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገ፣ ነፋ። የወጣው ባዶ ትንፋሽ ነው።

ኢያሱ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። እንደተቀመጠ፣ ከሥር፣ ድምፁን አነሣው። ድምፁ ወጣ፣ ጸንቶም ቆመ። ጋሽ ተካልኝ ትራምፔቱን ከከንፈሩ ሳያወርድ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቶ እስከ መጨረሻው ቆየ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሙሽራይቱ እጇን አውለበለበችለት። እሱም ጎንበስ ብሎ አጸፋውን ሰጠና ተቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን ከኖታው ሳይነቅል፣

"ዘገየህ" አለ።

ኢያሱ ሳቅና ንዴት አንድ ላይ መጡበት። የቱን ማስቀደም እንዳለበት ሳያውቅ ቀጣዩ ዜማ ተጀመረ።

ስለዚያ ቀን ዳግም አልተነጋገሩም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለው ድምፅ ሊደርስ ሲል ጋሽ ተካልኝ የጫማውን ጫፍ ኢያሱ ጫማ ላይ ነካ ያደርጋል። ነካ ሲያደርግ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ይነፋል። ሰው ለቆመው ያጨበጭባል። ኢያሱ የተመኘውን ቦታ ማንም ሳያየው አገኘው። የሚገርመው፣ አልከፋውም። እንዲያውም ከሁለቱ ሌላ ማንም አለማወቁ ደስ ይለው ጀመር። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ "ዛሬ እንዴት ነበር?" ስትለው "ጋሼ አንደኛ ነበሩ" ይላታል።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ረፋድ ላይ እትዬ የሻሽወርቅ "ዝናቡ ያባራ፣ ከዚያ ትሄዳለህ" ብትለው ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ፣ እንደ ሁልጊዜው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ልቡ ቆመች። አብዱልጀባር የውድቀቱን ድምፅ ሰምቶ ሮጠ። ሲደርስ ጋሽ ተካልኝ ሄዷል።

በማግስቱ በሕንፃዎቹ መሃል ድንኳን ተተከለ። ባንዱ ጥቁር ልብሱን ለብሶ መጣ። አስከሬኑን ከድንኳኑ እስከ ቤተክርስቲያኑ በር በዝግታ የሚሸኝ ዜማ እንዲጫወቱ ተስማምተው ነበር። ኣባይ ኢያሱን ገለል አደረገውና "አንደኛው አንተ ነህ" አለው። ኢያሱ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ሳጥኑ ትከሻ ላይ ወጣ። ኣባይ እጁን አነሣ፤ አወረደ። ማንም አልገባም።

እንደገና አነሣ፤ አወረደ። ትሮምቦኖቹ ትራምፔቱን፣ ሳክስፎኖቹ ትሮምቦኖቹን ያያሉ። ኢያሱ ደግሞ ዓይኑን ጭቃው ላይ ተክሎ ጫማው እስኪነካ ይጠብቃል። መጠበቁን ያወቀው ከሴቶቹ መሃል፣ በልቅሶ የሰለለ የየሻሽወርቅ ድምፅ ሲደርሰው ነው።

"ኢያሱ፣ እስከ መቼ ልታቆመው ነው?"

ተነፈሰና ገባ። ሁሉም ተከትለውት ገቡ። ግን ፈጥኖ ነው የገባው። የሐዘኑ ዜማ መራመድ ሲገባው ይሮጣል። ኣባይ በመዳፉ አየሩን ወደ ታች እየተጫነ "ቀስ፣ ቀስ" ይላል። ኢያሱ ሊያዘገየው ሞከረ፤ ልክ አንዱ ከጀርባው እንደሚገፋው አልቆም አለው። ሳጥኑን የተሸከሙት እርምጃቸውን አፈጠኑ። ከፊት ግራ የያዘው አብዱልጀባር "ኧረ እባካችሁ፣ ያዳልጣል" እያለ በኩሬ መሃል ነጠረ። የእድሩ ዳኛ ነጠላውን ሰብስቦ ከኋላ ሶምሶማ ወረደ። እትዬ የሻሽወርቅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለት ሴቶች ደግፈው "አይዞሽ፣ አልቅሺ ይውጣልሽ" አሏት። ሲጠጉ ግን እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ ሳያቋርጥ እየሳቀች።

ቤተክርስቲያኑ ቅጥር ሲደርሱ ካህናቱ አልመጡም፤ ገና ሰዓቱ አልደረሰም። ሳጥኑን አንድ ጥድ ሥር አሳረፉት። ሰው ላቡን ጠረገ፣ ጫማውን ሣሩ ላይ አሸ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ጋሽ ተካልኝ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ማንንም አልወቀሰም።

ዝናቡ እንደገና ጣል ጣል አለ። ኣባይ መጥቶ ኢያሱ ራስ ላይ ጥላ ዘረጋ። ኢያሱ ጥላውን ተቀበለውና ሳጥኑ ላይ ያዘው። በሌላ እጁ ትራምፔቱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ውሃው በአንገቱ እየወረደ ቆመ። ከበሩ ወዲያ የካህናቱ ጃንጥላዎች ብቅ ሲሉ አያቸው። ቀስ ብለው፣ ጭቃውን እየመረጡ ይመጣሉ።

ትንሽ ቢዘገዩ ኢያሱ ደስ ባለው ነበር።