ምላሴን ያጠፋው ላፕቶፕ

ትናንት ከምሳ በኋላ ያየሁትን ሕልም ለጠላቴም አልመኝለት። እንቅልፍ የጣለኝ በጥገና በምሠራበት እትዬ ዘርፌ ኮምፒውተር ቤት፣ የሰው የሰርግ ቪዲዮ የያዘ ላፕቶፕ እንደታቀፍኩ ነው። ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል፤ የሙሽራዋ አባት ደግሞ ሊወስዱት እየመጡ ነው። ምን እንዳነቀው ልይ ብዬ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ስክሪኑ ላይ ከፈትኩና ትእዛዝ ጻፍኩ። ከርነሉ፣ ማለትም የማሽኑ የውስጥ አዛዥ፣ የሚሠራውን ሁሉ በቀጥታ፣ መስመር በመስመር ያንዠቀዥቅ ጀመር። ፋይል ላይም እንዲያስቀምጠው አዘዝኩ። መስመሩን ስከተል ዓይኔ ተከደነ።

በሕልሜ ላፕቶፑ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። እኔ ቻርጀር እምብርቴ ላይ ተሰክቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሜያለሁ። ለካ እትዬ ዘርፌ በቦርሳ ይዘውኝ መጥተው ኖሯል፤ ሲልኩት ይንቀራፈፋል ብለው ከሰሱኝ። ላፕቶፑ በገመዶቹ ሆዴ ላይ ትእዛዝ ጻፈ። ግንባሬ በራ። ፊት ለፊቴ ባለው መስታወት አነበብኩት፦

ሆድ ምሳ ጠየቀ። ምላስ ወሬ ጀመረ። እግር ልነሳ አለ። ምላስ ቆይ አለው። ልብ ልምታ አለ። ምላስ ወረፋ ያዝ አለው።

ላፕቶፑ በማራገቢያው በረጅሙ ተነፈሰ።

"ሌላው ዕቃ ደህና ነው እትዬ። ምላሱ ነው ሁሉንም የሚያስጠብቀው። ላጥፋው?"

"አጥፋልኝ፣ ጆሮዬ ይረፍ" አሉት።

ምላሴን እንዲተዉልኝ ላባብላቸው ብዬ፣ ወንጂ እያለሁ አንድ የሞተ ኮምፒውተር እፍ ብዬበት ነፍስ እንደዘራ፣ ተነስቶም እንደሳመኝ ነገርኳቸው። ወዲያው ግንባሬ ላይ ወጣ፦ ምላስ ዋሸ። በእናቴ ማልኩ። ምላስ ዋሽቶ ማለ። የሰው ግንባር ሰሌዳ ነው ወይ ብዬ ጮህኩ። ምላስ ጮኸ። መስመሩ ግንባሬን ሞልቶ በአፍንጫዬ ወደ አገጬ ወረደ።

"አዩልኝ?" አላቸው ላፕቶፑ፤ ሆዴ ላይ ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ተጫነ።

ነቃሁ። ጉንጬ ኪቦርዱ ላይ ነው። እትዬ ዘርፌ አጠገቤ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። ያ የከፈትኩት መስኮት ሲያንዠቀዥቅ የቆየውን ሁሉ ሲያስቀምጥ ዲስኩን ሞልቶታል። ማሽኑም ቦታ ሲያጣ፣ ትልልቆቹ ፋይሎች ይጥፉ ወይ ብሎ ጠይቋል። ጉንጬ ኢንተር ላይ ተኝቶ ፈቅዷል። ሰርጉ የለም።

የሙሽራዋ አባት በሩን ገፍተው ገቡ።

"በል እንጂ" አሉኝ እትዬ ዘርፌ በሹክሹክታ፣ "ሌላ ጊዜ ማን ያስቆምሃል፤ አንድ ነገር ፍጠርና በላቸው።"

አፌን ከፈትኩ። በእንቅልፌ ምላሴን ነክሼው ኖሮ፣ አብጦ አፌን ሞልቶታል።