ሎጎአችን ስንት ዓመቱ ነው?

በእኛ ሰው ዘንድ ኮምፒውተር አዋቂ ለመባል ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም። ሰው እያየ አንድ ፕሪንተር አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። ፕሪንተሩ ከሠራ ተሾማችሁ ማለት ነው። ባይሠራም «ዕቃው አርጅቶ ነው እንጂ እሱስ ያውቃል» ይባላል፤ ሹመቱ አይቀርም። እንደ ሐኪም ዓመታት መማር፣ እንደ ሹፌር መፈተን የለበትም። ደመወዝም የለበትም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ተረት ለዚህ ሹመት አይሠራም፤ የሚበላ ነገር የታለና!

እኔ የተሾምኩት እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ነው። አጀንዳው አልታተም ብሎ ሁሉም ሲተራመስ ብድግ ብዬ የፕሪንተሩን ገመድ ነቀልኩና መልሼ ሰካሁት። ወረቀቱ ወጣ። ሊቀመንበራችን ጋሽ ወንድሙ ተነሥተው፣ «እንዲህ ያለ ባለሙያ አብሮን ተቀምጦ ሳናውቅ!» አሉ። ተጨበጨበ። በጊዜው ሥራዬ ኤርፖርት መንገድ ላይ ባለ ሆቴል ቢሮ ውስጥ ነበር። በዲዛይን በኩል ያለኝ ልምድ «ሊፍቱ አይሠራም፣ ይቅርታ» የሚል ወረቀት አሳምሮ መለጠፍ ነው። ይህንኑ ለመናገር አፌን ስከፍት ባለቤቴ ሰናይት ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። ባሏ ሲጨበጨብለት አይታ አታውቅም፤ ምን ታድርግ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ባለሙያ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። በየዓመቱ ቅጠል ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ድሮ የአየር ኃይል ሰፈር በነበረው ሎውሪ፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ማኅበራት የሚገናኙበት ዝግጅት አለ። አዳራሹ በር ላይ ትልቅ ሰማያዊ ባነር ይሰቀልና የየማኅበሩ ሎጎ ይደረደርበታል። ከሹመቴ በፊት በነበረው ዓመት ጋሽ ወንድሙ ከረባታቸውን አስረው፣ ካሜራቸውን አንግተው፣ ባነሩ ሥር ፎቶ ሊነሡ ሄዱ። ከላይ እስከ ታች ፈለጉ፤ የእኛ የለም። ታች ጥጉ ላይ «እና ሌሎችም» የሚል ተጽፏል። «ሌሎችም» የተባልነው እኛ ነን! ሎጎአችንን ደብዳቤ ላይ ለጥፈን ስለላክነው ለኅትመት አልሆነም ነበር። ጋሽ ወንድሙ ፎቶ ሳይነሡ ከረባታቸውን ፈተው ወደ ቤታቸው ነዱ።

ሳቅ የሚመጣበት ሰው ካለ ይሳቅ። እኔን ግን አሞኛል። ሰው ሲታመም የሚጠይቅ፣ ሲሞት አስከሬን አገር ቤት የሚልክ፣ አዲስ መጤን ከኤርፖርት ተቀብሎ ቤት የሚያስገባ ማኅበር «ሌሎችም» ሲባል ያማል። ስለዚህ በተከታዩ ዓመት መስከረም ላይ፣ በእኛ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሲገባ፣ ዘንድሮ ባነሩ ላይ ካልወጣን ሞተን እንገኛለን ተባለ። የሚሞተው ደግሞ ባለሙያው፣ ማለትም እኔ ነኝ።

መጀመሪያ አዲስ ሎጎ ያስፈልግ ነበር። ማኅበራችን ውስጥ ጴንጤው፣ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ አንድ ላይ ነው፤ መስቀልም ጨረቃም ማድረግ አይቻልም። እንስሳ እንዳናደርግ አንዱ አንበሳ ሲል ሌላው ዋልያ አለ። አንድ አባል ደግሞ ሁለቱም ተያይዘው ይውጡ አለ፤ አንበሳና ዋልያ የሚያያዙት እንዴት እንደሆነ አልገለጸም። በመጨረሻ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ይሁኑ ተባለ። የጋሽ ወንድሙንና የሰናይትን እጅ አጨባብጬ ፎቶ አነሣሁ፤ ከዚያ ሞንትቤሎ ሰፈር ባለው ቤታችን ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ መስመሩን ተከትዬ ሣልኩት። የሰናይት ቀለበት ሳይቀር ወጣ። ጋሽ ወንድሙ አዩና ከእጆቹ ሥር «2000» ተብሎ በትልቁ እንዲጻፍ አዘዙ። ሚሊኒየም በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለቴ አይመጣም፤ ምን ሆነን ነው የማንጽፈው አሉ። ጻፍኩ። ማማሩን ልነግራችሁ አልችልም።

ዘንድሮ ሎጎ የሚላከው በደብዳቤ አልነበረም። የዝግጅቱ አስተባባሪዎች ኢንተርኔት ላይ የጋራ የምስል ላይብረሪ ከፍተዋል። እያንዳንዱ ማኅበር ሎጎውንና ፎቶዎቹን እዚያ ያስገባል፤ ባነር የሚሠራውም ጋዜጣ የሚያዘጋጀውም ከዚያ ያወጣል። የላይብረሪው ኃላፊ ካረን የምትባል ትሑት ሴት ናት። ትሕትናዋ ግን ደንብ ላይ አይሠራም። ምስሉ ሲተልቅ የማይደበዝዝ ይሁን፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን፤ በስሙ ላይ የማኅበሩ ስም፣ የምስሉ ምንነት፣ ዓመቱ ይጻፍ፤ ይህ ሁሉ እስከ ዓርብ ይጠናቀቅ። ዓርብ ያለፈበት ማንም ቢሆን ባነሩ ላይ አይወጣም።

ላክሁ። ካረን መለሰች። አመሰግናለሁ፣ ቆንጆ ነው፣ ነገር ግን ባክግራውንዱ ትራንስፓረንት መሆን አለበት አለች። ይህንኑ ስልክ ደውዬ ለጋሽ ወንድሙ ነገርኳቸው። እሳቸው ኤርፖርት አጠገብ ፓርኪንግ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ናቸው፤ ቱግ አሉ። «ለሎጎ ደሞ ባክግራውንድ ቼክ፣ የኋላ ታሪክ ምርመራ ምን ያደርጋል? እኔ እዚህ ስቀጠር አሥሩንም ጣቴን አሻራ ሰጥቻለሁ! ትራንስፓረንት ሁኑ፣ ግልጽ አይደላችሁም ማለትስ ምን ማለት ነው? ሒሳባችንን በየጊዜው ኦዲት አናስደርግም እንዴ?» አሉ። በመሐል መኪና መጣባቸውና ቲኬት ተቀብለው ተመለሱ፤ ቁጣቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ከምስሉ ጀርባ ያለውን ነጭ ሳጥን አጥፉት ማለቷ እንደሆነ፣ ያለበለዚያ ሰማያዊው ባነር ላይ ጨርቅ እንደተጣፈበት እንደሚሆን አስረዳኋቸው። «ታዲያ ነጩን አጥፉ አትልም?» አሉ። እውነት አላቸው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ የጀርባ ጥያቄ ሲመጣ ማንም አይወድም። እዚህ አገር ባክግራውንድ የሚለውን ቃል ሰምቶ የማይደነግጥ የእኛ ሰው ካለ እሱ ሥራ አመልክቶ አያውቅም።

ነጩን አጥፋ ብዬ ኮምፒውተሩን አዘዝኩ። አጠፋ። ታዛዥ ነው፤ ነጭ የተባለውን ሁሉ አጠፋ። ለካ እጆቹንም ሳልቀባ ነጭ ትቻቸው ኖሯል፤ እነሱም አብረው ሄዱ። የሰናይት ቀለበት ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰናይት ትከሻዬ ላይ ሆና አየችና፣ «ጣቴን የት አደረግኸው?» አለች። ቀለበቱ ስለተረፈ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት። ከዚያ ተቀመጥኩና እጆቹን የእኛን የእጃችንን ቀለም ቀባኋቸው። ቀድሞውንስ የጋሽ ወንድሙን እጅ ነጭ አድርጎ መተው ምን የሚሉት ነገር ነው? አሁን ከጀርባቸው ምንም ሳይኖር ደምቀው ታዩ፤ እኔም ባለሙያ ሳልሆን አልቀረሁም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ የሚባለው እንዲህ ሲታሰብ ነው።

ሎጎውን ከፎቶዎቻችን ጋር አስገባሁ። ደንቡን አክብሬ ስም ሰጠኋቸው፤ ሎጎውን 2000፣ ባለፈው ክረምት ኦሮራ መናፈሻ ውስጥ ያደረግነውን ሽርሽር 1999 ብዬ። ተረጋግቼ ሥራ ገባሁ። ሐሙስ ዕለት ካረን ኢሜይል አደረገች። ስለ ታሪካዊ ምስሎቻችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ በድሮዎቹ ክፍል አስቀምጫቸዋለሁ፤ ሎጎው ግን የሰባት ዓመት በመሆኑ ባነር ላይ አይወጣም፤ እባካችሁ እስከ ነገ አዲሱን ላኩልኝ ይላል።

ሰባት ዓመት! ቀለሙ ገና ያልደረቀ ሎጎ! ሴትዮዋ ከማን ጋር አምታታችን ብዬ ተናደድኩ። ለጋሽ ወንድሙ ስነግራቸው ከእኔ ብሰው፣ «አሁንም ሌሎችም ሊሉን ነው!» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ኀዘን ነበር።

ካረን ራሷ ደወለችልኝ። ጥርጣሬ ገብቷታል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳይከፋህ ብላ ጀመረች። በ1999ኙ ሽርሽር ፎቶ ላይ ከጋሽ ወንድሙ ጀርባ የቆመችው ቀይ መኪና የእሷን መኪና ትመስላለች። የእሷ መኪና ግን ከፋብሪካ የወጣችው ባለፈው ዓመት ነው። ገና ያልተሠራ መኪና ከስምንት ዓመት በፊት ኦሮራ መናፈሻ ውስጥ እንዴት ፓርክ ተደረገ? ፎቶውን ነካክታችሁት እንደሆነ ንገረኝ፣ ላይብረሪው የተነካካ ምስል አይቀበልም አለች። ቀይዋ መኪና የጋሽ ወንድሙ ናት፤ እሷን ከገዙ ወዲህ ፎቶ የሚነሡት መኪናዋ ከኋላ ካለች ብቻ ነው፤ ይህ የታወቀ ነው።

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ለሆቴሉ ቀን ስጽፍ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ መቼም ተሳስቼ አላውቅም። የማኅበሩን ጉዳይ ስይዝ ግን እጄ ራሱ ወደ እኛው ዘመን ይሄዳል። ቃለ ጉባኤው በእኛ ነው፤ ስብሰባው በእኛ ነው፤ ዓመታዊ በዓሉ በእኛ ነው። ማን በፈረንጅ አስቦ ያውቃል? በስልኩ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ነገሩን አስረዳኋት። እኛ ዘንድ አሁን ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሎጎውም የተሠራው በዚህ ወር ነው አልኳት። ከእኛ ወደ ኋላ ቀርታችኋል ማለት ነው? አለች፣ በቅንነት። አይደለም፣ እናንተ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ነው አልኳት። አሥራ ሦስት ወር እንዳለን ስነግራት የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ። ከዚያ ተግባቢ ሴት ናትና መላ ፈለገች፤ የፋይሉን ስም ወደ 2007 ቀይረው፣ ሎጎው ላይ ያለውን ሁለት ሺህ ግን ደምስሰው፣ ሰው ያረጀ ይመስለዋል አለች።

ስሙን እለውጣለሁ አልኳት። ስሙ የላይብረሪው ነው፤ ደንባችሁ ነው፤ ከሰው ቤት ሲገባ ጫማ አውልቅ ቢሉ ይወለቃል። መልኩ ግን የእኛ ነው። ያን ቁጥር ሊቀመንበራችን አዝዘው ያስጻፉት ነው፤ አንድም ሰው ስብሰባ ላይ አልተቃወመም፤ በእኛ ማኅበር ማንም ያልተቃወመው ነገር ይህ ብቻ ነው አልኳት። ዘመናችንን ፍቀን እዚያ ባነር ላይ ከምንወጣ ባንወጣ ይሻላል ስል ራሴም ገረመኝ። ባንወጣ ጋሽ ወንድሙን ምን እላቸዋለሁ? ግን አንዴ ወጥቷል፤ ከአፍ ካመለጠ ወዲያ አይመለስም። ካረን ትንሽ አሰበችና፣ እሺ፣ ባለበት ይሁን፣ ምስሉ ሥር ባለው የማብራሪያ ሳጥን ውስጥ ቁጥሩ በእናንተ አቆጣጠር መሆኑን እኔ ራሴ እጽፋለሁ አለች። ያን ማታ ያልኩትን ስነግራት፣ ራት ላይ ሰናይት ማንንም ሳትጠይቅ ለእኔ ቀድማ አቀረበች፤ ኮርቼ በላሁ።

የዝግጅቱ ዕለት ሎውሪ ስንደርስ ባነሩ ተሰቅሏል። ከላይ በሁለተኛው ረድፍ፣ ሰማያዊው ላይ፣ ሁለት ጠይም እጆች ተጨባብጠዋል። ቀለበቱ ያበራል። ከሥሩ «2000» በትልቁ። አንዲት ነጭ ሳጥን የለችም፤ አንድም መስመር አልደበዘዘም። እኔ የሣልኩት ነው። ሊፍቱ አይሠራም ብሎ ከመጻፍ ሌላ የማያውቅ እጅ! ሰው ሁሉ ባያየኝ ኖሮ አለቅስ ነበር፤ ሰናይት ግን አየችኝና መሐረብ ሰጠችኝ። ጋሽ ወንድሙ ከረባታቸውን አስረው፣ ካሜራውን ለእኔ አቀብለው፣ ባነሩ ሥር ቀጥ ብለው ቆሙ። መኪናዋ አዳራሹ በር ድረስ ስለማትመጣ ብቻዬን አንሣኝ አሉ። ማኅበራችን የተመሠረተው እኔ ዴንቨር ከመጣሁ ወዲህ፣ በእሳቸው ሳሎን፣ በእሳቸው ሶፋ ላይ ነው፤ መኩራት ሲያንሳቸው ነው።

ፎቶውን እያነሣሁ አንዲት ሽማግሌ አሜሪካዊት ቆም አሉና ባነሩን አዩ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቁጥሩን ደግመው አነበቡ። ወደ ጋሽ ወንድሙ ዞረው በታላቅ አክብሮት፣ ማኅበራችሁ ሁለት ሺህ ዓመቱ ነው እንዴ ብለው ጠየቁ። ስለ ዘመን አቆጣጠር ለካረን ያስረዳሁትን ሁሉ ላቀርብ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጋሽ ወንድሙ ግን ከረባታቸውን አቃንተው ቀደሙኝ። «አዎ» አሉ፣ «ምዝገባው ነው ትንሽ የዘገየብን።»