የሆሞሻ ሚኒባስ ሐኪሞች

አገራችን ሐኪም ያንሳታል የሚል ሰው ከአሶሳ ሆሞሻ በሚኒባስ ተሳፍሮ አያውቅም። እስቲ እዚያ አንዴ ብቻ ኡህ ብላችሁ አስሉ! ከኋላ ወንበር ዝንጅብል፣ ከፊት ወንበር ኪኒን፣ ከሹፌሩ ደግሞ ምክር ይደርሳችኋል። እኔማ ይሄን ሁሉ ዕውቀት የት ተምረውት ይሆን እያልኩ ስደነቅ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከጎኔ የተቀመጡ ሐዋ የሚባሉ የማንጎ ነጋዴ ሳል ጀመራቸው። ከፊታችን የተቀመጡ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋሽ ዲሪባ፣ ከራሳቸው የተረፈ ኪኒን ከኮታቸው ኪስ አወጡ።

«ዋጪው እህቴ። እኔን በሁለት ቀን ነው ያስነሳኝ።»

«ስሙ ማን ነው?» አሉ ሐዋ።

ስሙ! የኪኒን ስም የሚጠይቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ የምናውቀው ቀለሙን ነው።

«ሉፐስ የሚባል በሽታ አለብኝ፤ የገዛ ሰውነቴ ነው የሚወጋኝ። አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ ይቀሰቅሰዋል። አምና ጎረቤት የሰጠኝን ውጬ፣ ወላሂ፣ ከሞት ነው የተመለስኩት» አሉና ሐኪማቸው የተከለከሉ መድኃኒቶችን የጻፈላቸውን ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ።

ጋሽ ዲሪባ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ኪኒናቸውን አገላብጠው አዩ። ኮትሪሞክሳዞል ይላል። ወረቀቱም ላይ አለ፤ ከተከለከሉት ሁሉ አናት ላይ። ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ይሄኔ ተሳፋሪው ሁሉ እጁን ኪሱ ከተተ። «ይቺስ እናቴ?» «ይሄስ ለወገብ ይሆናል?» ቀይ ኪኒን፣ ቢጫ ኪኒን ከየወንበሩ ወደ ሐዋ ተዘረጋ።

«እኔ ምን አውቄ፤ ሐኪም አይደለሁም» አሉ።

ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። በዚያ መንገድ ስመላለስ ሐኪም ያልሆነ ተሳፋሪ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።